ያልተጠጣው መርዝ፦ ስለ ቁርጥ ሐሳብና ስለ ምክንያት

(በፋኩልቲያችን የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የዛሬው ንግግሬ የሚነሣው ከአንድ ብልቃጥ ነው። ብልቃጡ በእውን የለም፤ ፈላስፎች «የሐሳብ ሙከራ» በሚሉት ዘዴ በአእምሯችን የምናስቀምጠው ነው። የሐሳብ ሙከራ ቤተ ሙከራ አያሻውም። አንድን ሁኔታ እንፈጥራለን፤ የማያስፈልገውን ሁሉ ከላዩ እናራግፋለን፤ ከዚያም የቀረው ነገር ምን ብለን እንድናምን እንደሚያስገድደን እንመረምራለን። የዛሬው ሙከራ ለሃያ ዓመታት ያህል በክፍል ውስጥ ሳስተምረው የኖርኩት ነው። ለምን እንደማይለቀኝ ደግሞ ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ።

ሁኔታው ይህ ነው። ነገረ ሥራው ግራ የሚያጋባ አንድ ቢሊየነር ወደ እናንተ ይመጣል እንበል። በእጁ አንድ ብልቃጥ መርዝ ይዟል። መርዙ አይገድልም። የጠጣው ሰው አንድ ሙሉ ቀን ክፉኛ ይታመማል፤ በማግስቱ ግን ድኖ ይነሣል፤ የሚተርፈውም አንዳች ጉዳት የለም። ቢሊየነሩ እንዲህ ይላል፦ «ዛሬ እኩለ ሌሊት ላይ፣ ይህን መርዝ ነገ ከሰዓት በኋላ ለመጠጣት ቁርጥ ሐሳብ ካለህ፣ ነገ ጠዋት አንድ ሚሊዮን ዶላር በባንክ ሒሳብህ ይገባል። መጠጣቱ ግን ግዴታህ አይደለም። የምከፍልህ እኩለ ሌሊት ላይ ስለሚኖርህ ሐሳብ ብቻ ነው። ገንዘቡ ከገባ በኋላ ሐሳብህን ብትለውጥ አልወቅስህም፤ ገንዘቡንም አላስመልስህም።»

ሐሳባችሁን የሚያውቀው እንዴት ነው? የአንጎልን ሁኔታ አንብቦ የማይሳሳት መሣሪያ አለው። ለመሣሪያው መዋሸት አይቻልም። በአፋችሁ «እጠጣለሁ» ብትሉ አይሰማችሁም፤ የሚያነበው ልባችሁን ነው።

ሁለት ተጨማሪ ሕጎች አሉ። አንደኛ፣ በውጭ በኩል ራሳችሁን ማሰር አይፈቀድም። ለምሳሌ ከጓደኛችሁ ጋር «ካልጠጣሁ ንብረቴን ሁሉ ውሰድ» ብላችሁ ውል ብትዋዋሉ ስምምነቱ ይፈርሳል። ሁለተኛ፣ ራሳችሁን በሂፕኖሲስ ማስደንዘዝ ወይም የስምምነቱን ቃል ሆን ብሎ መርሳት አይፈቀድም። መጠቀም የምትችሉት በጤናማ አእምሯችሁ ብቻ ነው።

ይህን በክፍል ስናገር የተማሪዎቼ የመጀመሪያ ምላሽ ሁልጊዜ ሣቅ ነው። «ዶክተር፣ ይህማ ነፃ ገንዘብ ነው» ይላሉ። «ሌሊቱን ለመጠጣት እወስናለሁ፤ ጠዋት ገንዘቡን እቀበላለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ብልቃጡን እደፋለሁ።» ይህን የሚል ተማሪ መፍትሔውን ሲናገር ራሱን እንዳጋለጠ አያስተውልም። ዕቅዱ የሚጠናቀቀው ብልቃጡን በመድፋት ነው። የሚደፋውን መርዝ እጠጣለሁ ብሎ የቆረጠ ሰው ደግሞ የለም። መሣሪያው የሚያነበው ይህንኑ ዕቅድ ነው፤ ገንዘቡም አይገባም።

ሁለተኛው ተማሪ ይበልጥ ይጠነቀቃል። «እንግዲያውስ መድፋቱን አላስብም፤ ከልቤ ለመጠጣት እቆርጣለሁ» ይላል። እኔም እጠይቀዋለሁ፦ ነገ ከሰዓት በኋላ ብልቃጡን ይዘህ ስትቀመጥ ገንዘቡ ወይ ገብቷል ወይ አልገባም፤ መጠጣትህ ይህን ይለውጠዋልን? አይለውጠውም። ታዲያ በዚያ ሰዓት ለመጠጣት ምን ምክንያት ይኖርሃል? ምንም። ላለመጠጣትስ? አንድ ሙሉ ቀን ከመታመም መዳን። ይህን አሁን ታውቃለህን? አውቃለሁ ይላል። እንግዲህ ምክንያት የሌለውን ነገር፣ ምክንያት እንደማይኖረውም አስቀድመህ እያወቅህ፣ እንዴት አድርገህ ከልብህ ትቆርጣለህ? እዚህ ላይ ክፍሉ ጸጥ ይላል።

እንቆቅልሹን የፈጠረው ግሬጎሪ ካቭካ የተባለ አሜሪካዊ ፈላስፋ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በአርቫይን ያስተምር የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1983 «አናሊሲስ» በተባለው መጽሔት ላይ በአራት ገጽ ብቻ አቀረበው። በ1994 ገና በአርባዎቹ ዕድሜ ሳለ አረፈ፤ አራቱ ገጾች ግን እስከ ዛሬ ያከራክራሉ።

የጨዋታ የሚመስለው ይህ ጥያቄ የተወለደው ከጨዋታ አይደለም። ካቭካ ከዚያ ቀደም ሲል የሚያስጨንቀው የኑክሌር ጦር መሣሪያ ጉዳይ ነበር። ዘመኑ የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ነው። ሁለቱ ኃያላን መንግሥታት እርስ በርስ «ብትመታኝ አጠፋሃለሁ» እየተባባሉ ሰላም ይጠብቁ ነበር። በ1978 ባሳተመው ጽሑፍ ካቭካ የጠየቀው ይህን ነው፦ ዛቻው ጦርነትን የሚያስቀረው ከልብ ከሆነ ብቻ ነው እንበል። ጠላት ከመታ በኋላ ግን መልሶ መምታት ሚሊዮኖች ንጹሐንን ከመፍጀት በቀር የሚያድነው ሰው የለም። እንግዲህ ደግ የሆነ መሪ፣ ሲፈጽመው ክፉ የሚሆነውን ነገር፣ ሐሳቡን መያዙ ብቻ መልካም ስለሆነ ሊያስበው ይችላልን? መርዙና ቢሊየነሩ ይህንኑ ጥያቄ ከደሙና ከፖለቲካው አጥቦ ለብቻው ያቀርብልናል። በሁለቱም ዘንድ ሐሳቡ ራሱ የሚያስገኘው ጥቅምና ድርጊቱ የሚያስከትለው ውጤት ተለያይተዋል።

መለያየታቸው ለምን እንደሚያስቸግር ለማየት ቁርጥ ሐሳብ ምን እንደሆነ ማጥራት ይገባል። ምኞት አይደለም፤ የማይሆነውን መመኘት እንችላለን። ትንበያም አይደለም፤ ነገ ጉንፋን እንደሚይዘኝ ልገምት እችላለሁ፤ ለመታመም ግን አልቆረጥኩም። በቋንቋችን ሐሳባችንን ከምንገልጽባቸው መንገዶች አንዱ የራሳችንን ቃል መጥቀስ ነው። «ልሄድ ብዬ ነበር»፣ «ነገ እጀምራለሁ ብዬ ተኛሁ» እንላለን። አባባሉ ሐሳብን ለራስ የተነገረ ቃል አድርጎ ያሳየናል። ውብ አገላለጽ ነው፤ ነገር ግን ሊያሳስተን ይችላል። ለራስ መናገርማ ቀላል ነው፤ በእኩለ ሌሊት ሺህ ጊዜ «እጠጣለሁ» ማለት ይቻላል። ብሎ መቁረጥ ግን ሌላ ነው። «ቆረጠ» የሚለው ግሣችን የሚያስታውሰን ይህን ነው፤ ሌላው መንገድ ተቆርጦ ቀርቷል ማለት ነው።

ካቭካ የደረሰበት መደምደሚያ እንዲህ ነው። ሐሳብ እንደ እጅ አይደለም፤ እጅ ባዘዝነው ጊዜ ይነሣል። ሐሳብ በአመዛኙ እምነትን ይመስላል። አሁን አንድ ሰው ተነሥቶ «በዚህ አዳራሽ ውስጥ ዝሆን አለ ብለህ ካመንክ ሚሊዮን ብር እሰጥሃለሁ» ቢለኝ፣ ማመን እንዴት ጠቃሚ እንደሆነ ይገባኛል፤ ላምን ግን አልችልም። ማመን የሚያስፈልገው ማስረጃ ነው፤ ሽልማቱ ደግሞ ስለ ዝሆኑ ማስረጃ አይሆንም። እንደዚሁም ቁርጥ ሐሳብ የሚያስፈልገው ድርጊቱን የሚመለከት ምክንያት ነው። ሚሊዮኑ ዶላር ሐሳቡን ለመያዝ ምክንያት ይሆናል፤ መርዙን ለመጠጣት ግን ምክንያት አይሆንም። ሐሳብም የሚበቅለው ከሁለተኛው ዓይነት ምክንያት ነው።

ይህን ለማስረዳት ከሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። አያቶቻችን ኮሶ ይጠጡ ነበር። በዕድሜ የገፋችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ያልደረሳችሁበትም ሰምታችኋል። መራራ ነው፤ ያቅለሸልሻል፤ ያስቀምጣል፤ ጠጪውን ቀኑን ሙሉ ከሥራ ያውለዋል። በደጋው አገር ብዙ ሰው በየሁለት ወሩ ገደማ በገዛ እጁ ይህን መከራ ይቀበል ነበር። አያቴ ማታ «ነገ ኮሶ እጠጣለሁ» ሲሉ፣ ቤተሰቡ ሁሉ እውነት መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ቀጠሮ ይሰረዛል፤ ለማርከሻ የሚሆነው ይዘጋጃል። የካቭካ መሣሪያ እዚያ ቤት ቢኖር ኖሮ ያለ ጥርጥር ቁርጥ ሐሳብ ያነብ ነበር። ሕመሙ ከቢሊየነሩ መርዝ ሕመም ጋር ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ አያቴ ሆዳቸው ውስጥ የኮሶ ትል ስለነበረ ነው። ትሉን የሚያወጣው መጠጣቱ እንጂ ልጠጣ ብሎ ማደሩ አይደለም። ምክንያቱ በድርጊቱ ውስጥ ነበረ፤ ስለዚህ ሐሳቡ ያለ ምንም ትግል መጣ። ከዚህ የምንማረው፣ መጠጡን ለመጠጣት እንዳንቆርጥ የሚያግደን ምሬቱ ወይም የድፍረት ማነስ አለመሆኑን ነው። የሚጎድለን ምክንያት ነው።

ሁሉም ሰው በካቭካ አልተስማማም። ዴቪድ ጎቲዬ የተባለው ካናዳዊ ፈላስፋ በ1994 ባሳተመው ጽሑፍ ከባድ ተቃውሞ አቀረበ። የእሱን አሳብ በራሴ አነጋገር ላቅርበው። ድርጊቶችን አንድ በአንድ ለምን እንመዝናለን? የሕይወት አካሄዶችን እናወዳድር። አንደኛው አካሄድ እጠጣለሁ ብሎ መቁረጥና በእርግጥም መጠጣት ነው፤ ውጤቱ አንድ ሚሊዮን ዶላርና የአንድ ቀን ሕመም ነው። ሁለተኛው አለመቁረጥና አለመጠጣት ነው፤ ውጤቱ ጤናና ባዶ እጅ ነው። ሦስተኛው፣ ቆርጦ አለመጠጣት፣ መሣሪያው ስለማይሳሳት ለሚያስብ ሰው የተከፈተ መንገድ አይደለም። እንግዲህ ከተከፈቱት ሁለት መንገዶች የመጀመሪያው ይበልጣል። ያንን አካሄድ በመምረጡ የተጠቀመ ሰው፣ ካልመረጠበት ሁኔታ ተሽሎ እስከተገኘ ድረስ፣ መፈጸሙ ምክንያታዊ ነው። ስለዚህ በጎቲዬ ፍርድ ብልህ ሰው ይጠጣል። መጠጣቱ ምክንያታዊ ስለሆነ ደግሞ ሊቆርጥ ይችላል፤ ስለቆረጠም ይከፈለዋል።

በዕቅድና በሐሳብ ፍልስፍና ስመ ጥር የሆነው የስታንፎርዱ ማይክል ብራትማን ደግሞ መልስ አለው። ብራትማን እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው መጽሐፍ ሰው ዕቅድ አውጪ ፍጡር መሆኑን፣ ሐሳቦቻችንም በየደቂቃው እንደገና የማይከፈቱ የሕይወታችን ምሰሶዎች መሆናቸውን አስተምሮናል። ስለዚህ ከጎቲዬ ጋር የሚቆም ይመስላል። ነገር ግን ወደ መርዙ ሲመጣ አንድ ፈተና ያቀርባል፦ ዕቅዱን ከፈጸምክ በኋላ ወደ ኋላ ስትመለከት፣ በመፈጸምህ ትጸጸታለህን? ሁለት ሰዎችን እናወዳድር። አንዱ መምህር ነው፤ «በየማታው ሠላሳ የፈተና ወረቀት አርማለሁ» ብሎ ዐቀደ። በሦስተኛው ማታ ድካም ያዘው፤ መተኛት አማረው። ነገር ግን ታግሎ ካረመ፣ በሳምንቱ መጨረሻ «እንኳን ታገልኩ» ይላል። የዚህ ሰው ዕቅድ ሊጸና ይገባዋል። ሁለተኛው መርዝ ጠጪው ነው። ገንዘቡ በባንክ ካለ በኋላ ጠጥቶ፣ በአልጋው ላይ እየተንከባለለ «እንኳን ጠጣሁ» ሊል የሚችልበት ነገር የለውም። ከመጠጣቱ ያገኘው ሕመም ብቻ ነው። ስለዚህ በብራትማን ዘንድ ቁርጠኝነት ዋጋ ያለው መጨረሻው ራሱ ሲመሰክርለት ነው።

እኔ በዚህ ክርክር ከካቭካና ከብራትማን ጎን እቆማለሁ። ሆኖም ጎቲዬ የነካው ነገር ከልብ የሚነካ ነው። ዛሬ የተቀበልኩትን ነገ የምከፍልበት አጋጣሚ በሕይወታችን ሞልቷል። ሁላችንም «ተቀብያለሁ፤ አሁን ምን አስገደደኝ?» የምንል ብንሆን ኖሮ ማን ለማን አስቀድሞ ይሰጥ ነበር?

ዴቪድ ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1740 ባወጣው የድርሰቱ ክፍል ይህን በሁለት ገበሬዎች መስሎታል። የአንዱ እህል ዛሬ ደርሷል፤ የሌላው ነገ ይደርሳል። ዛሬ አንተ ብትረዳኝ ነገ እኔ ብረዳህ ለሁለታችንም ይበጃል። ነገር ግን ዛሬ ተረድቼ አዝመራዬን ከሰበሰብኩ በኋላ፣ ነገ አንተን ለመርዳት ምን ምክንያት ይኖረኛል? አንተም ይህን ስለምታውቅ ዛሬ አትመጣም፤ የሁለታችንም እህል ይበላሻል። የእኛ ገበሬዎች ለዚህ ችግር ወንፈል የሚባል መልስ እንዳላቸው ታውቃላችሁ።

ይበልጥ ለከተሜው የቀረበው ምሳሌ ግን እቁብ ነው። አሥራ አምስት አባላት ያሉት ሳምንታዊ እቁብ እናስብ። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት ሰው የአሥራ አምስት ሰው ገንዘብ በአንድ ጊዜ ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ሳምንት ሙሉ ምንም ሳያገኝ ይጥላል። ይህ ሰው የቆመው በትክክል ብልቃጡን ይዞ በተቀመጠው ሰው ቦታ ነው። የሚያገኘውን አግኝቷል፤ የቀረው መራራው ነው። እቁብ ግን አይፈርስም፤ ብዙ ጊዜም ሰላማዊ ሆኖ ያልቃል። የእቁቡ ዳኛ የማንንም አንጎል አያነብም። «ከልብህ ነው ወይ?» ብሎም አይጠይቅም። ዋስ ጥራ ይላል።

በዚህ ምሳሌና በመርዙ መካከል ያለውን ልዩነት ልብ በሉልኝ። የእቁቡ ባለ ዕጣ በአሥረኛው ሳምንት ለመጣል ምክንያት አለው። ዋሱ ይያዝበታል፤ በሰፈሩ ስሙ ይጠፋል፤ ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ገንዘቡን የሚጠብቁ፣ እሱን አምነው የጣሉ ሰዎች አሉ። መጣሉ ለእነሱ የሚደርስ ነገር ነው። ቢሊየነሩ ግን መርዙን ብትጠጡ የሚያገኘው ነገር የለም፤ ባትጠጡም የሚጎዳ የለም፤ ቃል የገባችሁለት ሰውም የለም። ካቭካ ሁኔታውን ሲያራግፍ ያራገፈው ውጫዊውን ቅጣት ብቻ አልነበረም። በድርጊቱ የሚጠቀም ሌላ ሰውንም አራግፏል። ስለዚህ ጎቲዬ «የተቀበልከውን ክፈል» ሲል ልባችን የሚነካው፣ ሳናውቀው በባዶው ወንበር ላይ አንድ ሰው ስለምናስቀምጥበት ይመስለኛል። ሰውየው ካለ መክፈል ይገባል። ከሌለ ግን የሚከፈለው ለማን ነው?

አሁን ጉዳዩ ለምን እንደማይለቀኝ ልንገራችሁ።

ከብዙ ዓመታት በፊት ለዶክትሬት ትምህርት ወደ አሜሪካ ለመሄድ ቪዛ ልጠይቅ ከአንድ መስኮት ፊት ቆምኩ። እንደምታውቁት የአሜሪካ ሕግ የተማሪ ቪዛ የሚጠይቅ ሰው በአገሩ መኖሪያ ያለውና እሱንም ትቶ የመቅረት ሐሳብ የሌለው መሆኑን እንዲያሳይ ይጠይቃል። ይህን ሕግ አስተውሉት። ቪዛው የሚሰጠው ዛሬ ነው፤ መመለሱ የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ነው፤ የሚመዘነው ደግሞ በመስኮቱ ፊት ያለው ሐሳብ ነው። አገሬን ከመርዝ ጋር እያመሳሰልኩ እንዳይመስላችሁ አደራ፤ ቅርጹ ግን የካቭካ ቅርጽ ነው። ባለሥልጣኗ መሣሪያ ስለሌላት ስለ ሐሳቤ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝና፣ የቀረውን ጊዜ ስለ ሌላ ነገር ጠየቀችኝ፤ ሥራህ ምንድን ነው፣ ቤተሰብህ የት ነው፣ ስትመለስ የሚጠብቅህ ቦታ አለ ወይ? ፍልስፍና ተምራ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ የምትፈልገውን ግን ታውቅ ነበር። ሐሳብን ማየት ስላልቻለች ሐሳብ የሚበቅልበትን መሬት፣ ማለትም ምክንያቶቼን ትመረምር ነበር።

«እመለሳለሁ» አልኳት። እውነቴን ነበር? በዚያን ሰዓት እውነት ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ወደ ኋላ ሳየው ግን፣ የነበረኝ ቪዛውን የማግኘት ብርቱ ፍላጎትና አገሬን የመውደድ ምኞት ነበር። ቁርጥ ሐሳብ ግን ገና አልነበረኝም።

ከመሄዴ በፊት የማስተምርበት ተቋም የመመለስ ግዴታ አስፈርሞኝ ነበር፤ ዋስም አስጠርቶኛል። ዋስ የሆኑኝ በዕድሜ የሚበልጡኝ፣ ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው የሥራ ባልደረባዬ ነበሩ። በደመወዛቸው ፈረሙ። አራተኛው ዓመት ሲያልቅ ጽሑፌ ተጠናቀቀ፤ በተማርኩበት አገርም ሥራ ተሰጠኝ። ቁጭ ብዬ አሰላሁ። የግዴታውን ገንዘብ ከአዲሱ ደመወዜ በጥቂት ወራት ከፍዬ ዋሴን ነፃ ማውጣት እችል ነበር። ስለዚህ ቅጣቱ የሚያስገድድ ምክንያት አልነበረም። ቪዛው ተሰጥቷል፤ ትምህርቱ ተጠናቋል፤ ዲግሪውን የሚነጥቀኝ የለም። ከሰዓት በኋላ ሆኗል፤ ብልቃጡ በእጄ ነው።

በእነዚያ ዓመታት ከጋሼ ጋር በስልክ እንነጋገር ነበር። አንድም ቀን «ትመለሳለህ ወይ?» ብለውኝ አያውቁም። የሚጠይቁኝ ሌላ ነው፤ «ምዕራፉ እንዴት ሆነልህ? ብርዱን ቻልከው?» ይሉኛል። በዚያን ሰሞን ስደውልላቸው ግን «ከእኔ ቀጥሎ ያለውን ክፍል አስጠርጌልሃለሁ፤ መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ታገኛለህ» አሉኝ። ስለ መመለሴ የሚያነሡት ጥያቄ አልነበረም፤ ለእሳቸው ነገሩ ያለቀ ነበር። ስልኩን ስዘጋ አዲስ ነገር አልወሰንኩም። አንድ ነገር ብቻ አየሁ። መመለስ ማለት ለእኚህ ሰው ያመኑትን ማድረስ ማለት ነው። ገንዘቡን ብልክላቸው ውሉ ይዘጋል፤ ያጸዱልኝ ክፍል ግን ባዶውን ይቀራል። ከዚያ በኋላ ለመቁረጥ የተቸገርኩበት ሌሊት አልነበረም።

ካቭካ ይህን ቢሰማ የሚቃወም አይመስለኝም። ምክንያቱ በሐሳቡ ላይ የተንጠለጠለ ሽልማት አልነበረም፤ በድርጊቱ ውስጥ ነበረ። ልክ እንደ አያቴ ኮሶ። ተማሪዎቼ አንዳንድ ጊዜ «ጋሼ ያኔ በሕይወት ባይኖሩ ኖሮ ይመለሱ ነበር?» ይሉኛል። ሐቁን ለመናገር አላውቅም። የማውቀው በመስኮቱ ፊት የሰጠሁት ቃል ብቻውን ባልበቃኝ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የማወጣው ድምዳሜ አንድ ነው። ቁርጥ ሐሳብ በትእዛዝ አይመጣም፤ በገንዘብም አይገዛም፤ የሚበቅለው ከምክንያት ነው። ይህ ለቢሊየነሩ ጨዋታ መጥፎ ዜና ነው፤ ለእኛ ግን ጠቃሚ ምክር ነው። ከዓመት እስከ ዓመት «ዘንድሮስ እቆርጣለሁ» እያልን ለራሳችን ቃል የምንገባና የማይሆንልን ሰዎች፣ ጉድለቱን በፈቃዳችን ድክመት ላይ እናመካኛለን። ምናልባት ለመቁረጥ የምንሞክረው በድርጊቱ ውስጥ ምንም ያላየንበትን ነገር ይሆናል። ሐሳቡን ከመጨቆን ይልቅ ምክንያቱን መፈለግ፣ ከሌለም መገንባት ይሻላል። የሚጠብቀን ሰው፣ የሚደርሰው ነገር፣ አምኖ ክፍል ያጸዳልን ወዳጅ ያለበት ሕይወት፣ ቃል ሲገባ ቃሉ የሚያዝበት መሬት ያለው ሕይወት ነው። ይህ ለግለሰብ ብቻ ሳይሆን ለተቋማትም ይሠራል። ሰዎችን «ከልባችሁ ቃል ግቡ» ከማለት በፊት፣ ቃሉን የሚፈጽሙበት ቀን ሲመጣ ምን ምክንያት እንደሚጠብቃቸው መጠየቅ ይገባል።

ቢሊየነሩ ዛሬ ማታ ወደ እኔ ቢመጣስ? ሚሊዮኑን እንደማላገኝ እነግረዋለሁ። ለመቁረጥ እሞክር ይሆናል፤ ዓይኔን ጨፍኜ እደጋግመውም ይሆናል፤ እኩለ ሌሊት ላይ ግን መሣሪያው የሚያነበው ገንዘብ የተመኘ ሰው ብቻ ነው። የጸዳውን ክፍል ግን አግኝቻለሁ፤ ዛሬም የምሠራው እዚያ ነው።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን፣ በተለይም ከጎቲዬ ጎን የምትቆሙትን፣ ለመስማት ዝግጁ ነኝ።